ከልስኑ ስር የድሮ ጡብ ወጣ፤ ኩሽናችን ውስጥ ምን ያህሉን እንግለጠው?

የድሮቤት_እመቤት
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እኔና ባለቤቴ አሮጌ ቤት ገዝተን ኩሽናውን እያደስን ነው። ቤቱ 100 ዓመት አልፎታል። ባለፈው ቅዳሜ የድሮውን ቁም ሳጥን ከግድግዳው ስናላቅቅ አንድ ትልቅ የልስን ቁራጭ አብሮ ወረደ። ከስሩ ጡብ ታየ። ቀይ ብቻ አይደለም። አንዱ ወደ ብርቱካን ያደላል፣ አንዱ ጠቆር ብሏል፣ አንዱ ላይ ደግሞ ጭቃው ሳይደርቅ የያዘው ሰው የጣት ምልክት ቀርቷል። ጣቴን ምልክቱ ላይ አሳረፍኩት። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ልቤ እዚያ ነው።

እኔ የምፈልገው የድሮው ጢስ ማውጫ ያለበትን ግድግዳና ከስቶቩ ጀርባ ያለውን ብቻ መግለጥ ነው። ባለቤቴ «ከጀመርን አይቀር አራቱንም እናውጣው» ይላል። ክፍሉ 3 በ4 ሜትር ነው። መስኮቱ አንድ ብቻ ነው።

ምን ያህል ጡብ ይበቃል? ዘይትና እንፋሎት ባለበት ቦታ ይሆናል ወይ? ከሁሉ በፊት ምን ልፈትሽ?

ሰገነት
መታደል ነው! ሰው በስንት ፍለጋ የማያገኘው ነገር ግድግዳሽ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ግን እህቴ፣ ዛሬ ማታ መዶሻ እንዳታነሱ። ጋሽ ግንበኛ እስኪያዩት ጠብቁ።

ጋሽ_ግንበኛ
እንደምን ናችሁ ልጆቼ። አየሁት።

ልጄ፣ ሳታፈርሺ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ስለ መልኩ ከማውራታችን በፊት ግድግዳው ምን ሥራ እንደሚሠራ እንወቅ።

ግድግዳው የውጭ ነው የውስጥ? የውጭ ከሆነ ልስኑን ስታነሺ የቤቱን አንድ ልብስ ገፈፍሽ ማለት ነው። ብርድ ሲመጣ ጡቡ ይቀዘቅዛል። ከድስት የሚነሳው እንፋሎት ደግሞ የቀዘቀዘ ግድግዳ ሲያገኝ ጤዛ ይሆናል። ጤዛው ሻጋታ ያመጣል። የውስጥ ግድግዳ ከሆነ ይህ ስጋት የለም።

ቀጥሎ አደራደሩን እዪ። የሁሉም ጡብ ረጅም ጎኑ ብቻ ከታየ፣ ግድግዳው የአንድ ጡብ ውፍረት ብቻ ያለው ሊሆን ይችላል። በመሃል በመሃል አጭር ጫፋቸው የሚታይ ጡቦች ካሉ ግን እነዚያ ወደ ውስጥ ዘልቀው ሁለቱን ድርብ የሚያስሩ ናቸው። እንዲህ ያለው ግድግዳ ወፍራም ነው። ብዙ ጊዜም ከላይ ጣሪያ ወይም ፎቅ ተሸክሟል። ልስን ማንሳት አይጎዳውም። ነገር ግን መቦርቦር፣ በር ማስፋት፣ ጡብ መንቀል ካሰባችሁ መሐንዲስ ሳያየው እንዳትነኩት።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ድሮ ግንበኛ በልስን ለሚሸፈን ግድግዳ ምርጥ ጡብ አያወጣም ነበር። ምርጡ ወደ ውጭ ፊት ይሄዳል። የተሰበረው፣ የተጣመመው፣ ከእሳት በደንብ ያልበሰለው ደግሞ ልስን ስር ይገባል። ስለዚህ አንድ ቦታ ቆንጆ ጡብ ስላየሽ ሌላው ሁሉ እንደዚያ ነው አትበዪ። በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ ሦስት ቦታ ክፈቱ፤ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች። 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ባለቤትሽን አራቱንም ከማውረዱ በፊት ይህን እንዲያይ ለምኚው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ስለ ብናኙ ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ከድሮ ምድጃ ጀርባ የተለጠፈ ሰሌዳ አስቤስቶስ፣ ማለትም ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን፣ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ሳታስመረምሩ አትፋቁ፣ አትሰርስሩ። የጡቡና የልስኑ ብናኝ ራሱ ሲሊካ የሚባል የአሸዋ ማዕድን አለበት። ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። እኔ በወጣትነቴ አፌን በጨርቅ አስሬ ነበር የምሠራው። ጨርቅ ያን ብናኝ አያቆምም። ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም የብናኝ ማስክ አድርጉ፤ ቢያንስ ኤን 95። እየሠራችሁ ውሃ እርጩ። ልጆች ካሉ ከቤት ይውጡ።

የድሮቤት_እመቤት
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁሉንም እንዳሉት አደረግን። የቀለሙን ናሙና አስመረመርን፤ እርሳስ አልተገኘበትም። አስቤስቶስ የሚመስል ሰሌዳም የለም።

የጢስ ማውጫው ግድግዳ የውስጥ ነው። አጭር ጫፍ ያላቸው ጡቦች በየመሃሉ ይታያሉ። ከመሃል ስንከፍተው ደግሞ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ጡቦቹ ቆመው ጎን ለጎን ተደርድረው ቅስት ሠርተዋል! የድሮ ምድጃ አፍ ይመስለናል። ውስጡ በኋላ በሌላ ጡብ ተሞልቷል።

ሁለቱ የውጭ ግድግዳዎች ያሳዝናሉ። ግማሹ ጡብ የተሰበረ ነው፣ ግማሹ በብሎኬት ተጠግኗል። ባለቤቴ አይቶ ዝም አለ።

የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር ነው። መገጣጠሚያውን በጥፍሬ ስነካው እንደ አሸዋ ይፈረፈራል። ከታች፣ ከወለሉ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ድረስ ደግሞ ነጭ ዱቄት አለ። ግድግዳው እየሞተ ነው?

ኖራ_ይሻላል
አይዞሽ እህቴ፣ አልሞተም። የሚፈረፈረው የኖራ ሞርታር ነው፤ ጡብን ከጡብ የሚያያይዘው የኖራና የአሸዋ ቅልቅል። እንዲያውም ይህን ጥያቄ ስላነሳሽ ደስ ብሎኛል፤ እኔን ብዙ ያስከፈለኝ ነገር ነው።

የፖርትላንድ ሲሚንቶ በፈጠራነት የተመዘገበው በ1824 እ.ኤ.አ. ነው። ያስመዘገበው ጆሴፍ አስፕዲን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ግን ግንበኛው ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ሲሚንቶ አልዞረም። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ብዙ የጡብ ቤት የሚያያዘው በኖራና በአሸዋ ነበር። የአንቺም ቤት በዕድሜው እዚያ ውስጥ ይገባል።

ኖራው ከጡቡ ለስላሳ ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ግድግዳ ይንቀሳቀሳል። ሲንቀሳቀስ የሚሰነጠቀው መገጣጠሚያው ነው እንጂ ጡቡ አይደለም። እርጥበትም ሲገባ መውጫው በመገጣጠሚያው በኩል ነው። መገጣጠሚያው ሲያረጅ አውጥተሽ ትሞዪዋለሽ፤ ጡቡ ይኖራል። አሁን ይህን መንገድ በጠንካራ ሲሚንቶ ዝጊው። እርጥበቱ ሌላ መውጫ ሲያጣ በጡቡ ፊት በኩል ይወጣል። ጨው ይዞ ይወጣል። ጨው ከጡቡ ቆዳ ስር ሲደርቅ ያብጣል፤ የጡቡን ፊት እንደ ቅርፊት ገፍቶ ይጥለዋል።

እኔ ቤት የሆነው ይኸው ነው። የቀጠርነው ሰው «ይጠንክርላችሁ» ብሎ በሲሚንቶ ሞላው። ሲያልቅ በጣም ያምር ነበር፤ እኛም አመሰገንነው። በሁለተኛው ዓመት ከግድግዳው ስር ቀይ ዱቄት ማየት ጀመርኩ። ጠረግኩት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ከዚያ የአንዱ ጡብ ፊት ሙሉውን ወደቀ። 11 ጡብ ነው ያጣነው። ሲሚንቶውን ለማውጣት ስንሞክር ደግሞ የሌሎቹን ጠርዝ ሰበርን። ዛሬም ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

እንዲህ አድርጊ። የላላውን ሞርታር ከ2 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አውጪ። በቀጭን መሮና በትንሽ መዶሻ፣ በእጅ። ግራይንደር የሚባለው የኤሌክትሪክ መቁረጫ ፈጣን ነው፤ ግን የአሮጌ ጡብን ጠርዝ ይበላል፣ አንዴ ካመለጠሽ አይመለስም። ብናኙን አውጪና ጡቡን ውሃ እርጪው። ደረቅ ጡብ ከሞርታሩ ላይ ውሃውን መጥጦ ዱቄት ያደርገዋል። የእኔ ቅልቅል 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ ንጹሕና ሻካራ አሸዋ ነው። እየጠቀጠቅሽ ሙዪው። ከዚያ እርጥብ ጆንያ ጋርጂበትና ቀናት ሙሉ እንዳይደርቅ ጠብቂው። ኖራ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ ብሎ ነው ወደ ድንጋይነት የሚመለሰው። ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቅዝቃዜ ባለበት ጊዜ አትሥሪ። ጓንትና የዓይን መከላከያም እንዳይረሳ፤ ኖራ ዓይን ያቃጥላል።

ነጩ ዱቄት ጨው ነው። በደረቅ ብሩሽ አራግፊና በመጥረጊያ ሰብስበሽ አውጪው። በውሃ አትጠቢው፤ ይሟሟና ተመልሶ ይገባል። ኮምጣጤም ሌላ አሲድም አታስጠጊ፤ አሲድ ኖራን ይበላል። ዋናው ግን ዱቄቱ አይደለም። ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? እሱን ሳታገኚ አንድም መገጣጠሚያ አትሙዪ።

ፈጣን_እጅ
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? ልስኑን መልሱት። ከላዩ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ልጥፍ ጡብ በኮላ ለጥፉበት። ሴራሚክ መለጠፍ የሚችል ሁሉ ይሠራዋል። በሳምንት ውስጥ ታበስላላችሁ። ለማዕዘኑ የኤል ቅርጽ ያለው ቁራጭ አለ፣ ስለዚህ ሙሉ ጡብ ነው የሚመስለው። ክብደቱንም አስቡት። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጡብ ግንብ በካሬ ሜትር ከ180 እስከ 200 ኪሎ ይመጣል። ልጥፉ ከነኮላው 40 ኪሎ ገደማ ነው።

ጋሽ_ግንበኛ
ፈጣን እጅ ልጄ፣ ልጥፍ ጡብ መጥፎ ነው አልልም። ጡብ በሌለበት ግድግዳ ላይ ጥሩ መፍትሔ ነው። እኔም ስንት ቤት ለጥፌያለሁ። የአንቺ ቤት ግን፣ እመቤት፣ እውነተኛው እዚያው ቆሟል። እሱን ሸፍኖ ምስሉን መለጠፍ አይዋጥልኝም።

ሌላ ግድግዳ ላይ ልለጥፍ ለሚል ግን ይህን ልጨምር። 40 ኪሎ ቀላል አይደለም። ተራው የጂብሰም ቦርድ በካሬ ሜትር ወደ 30 ኪሎ ገደማ ነው የሚሸከመው። ቀለም የተቀባ ልስን ላይ ደግሞ ኮላው የሚይዘው ቀለሙን እንጂ ግድግዳውን አይደለም፤ ቀለሙ ሲላጥ ጡቡም አብሮ ይወርዳል። የሲሚንቶ ቦርድ ይሁን፣ በደንብ በብሎን የታሰረ። ከስቶቭ ጀርባ ከሆነ ጡቡ አይቃጠልም ብላችሁ አትዘናጉ። ሙቀቱ አልፎ ከጀርባው ያለውን እንጨት ያገኘዋል። ስቶቩ ከግድግዳ ስንት ሳንቲ ሜትር መራቅ እንዳለበት አብሮት የሚመጣው መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ እሱን ተከተሉ።

ፈጣን_እጅ
እሺ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ። ቅስቱን ልብ ብዬ አላነበብኩትም ነበር። ቅስት ካለማ ልጥፍ የሚባል ነገር አይነሳም።

ለሚለጥፍ ሰው ግን አንድ ነገር ላክል። ከአንድ ካርቶን ብቻ እያወጣችሁ አትለጥፉ። ሦስት አራት ካርቶን ክፈቱና እያቀላቀላችሁ ውሰዱ። አለበለዚያ ግድግዳው ላይ የቀለም ድንበር ይወጣል፤ እኔ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው ያየሁት። ሳትለጥፉ በፊትም መሬት ላይ ደርድራችሁ እዩት።

ንጹሕ_ምድጃ
ከስቶቭ ጀርባ ስላለው ጡብ የ6 ዓመት ኑሮ አለኝ፤ እውነቱን ልንገርሽ።

ጡብ ይመጥጣል። ውሃም ዘይትም ይመጥጣል። ሳይታከም የቀረ ጡብ ላይ የፈነጠቀ ዘይት በመጀመሪያው ቀን ነጥብ ነው። በዓመቱ ጥላ ይሆናል። በጨርቅ ስትጠርጊው ደግሞ ጨርቁ ይያዛል፣ ክሩ ይቀራል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት በብሩሽ ሳሻሽ ነው ያሳለፍኩት።

ሁለት ዓይነት ማሸጊያ አለ። አንዱ ላዩ ላይ እንደ ፕላስቲክ ቆዳ የሚቀመጥ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ማጽዳቱ ይቀላል፤ ግን አሮጌ ግድግዳ እርጥበት ሲያወጣ ከስሩ ይነፋና ይላጣል። ሌላው ወደ ጡቡ ውስጥ የሚገባው ነው፤ ሲሊን ወይም ሲሎክሳን የሚባለው። የጡቡን መልክ ብዙም አይለውጥም፣ እንፋሎትም ያሳልፋል። ለአሮጌ ግድግዳ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ግን ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ብቻ። መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሪው። በዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊበት። ከተንከባለለ ደህና ነው። ከመጠጠው ድገሚው።

ደግሞ መገጣጠሚያው። ወደ ውስጥ ጠልቆ የተሠራ መገጣጠሚያ በፎቶ ያምራል። ኩሽና ውስጥ ግን እያንዳንዱ መስመር የአቧራና የዘይት መደርደሪያ ነው። ከጡቡ ፊት ጋር እኩል አድርገሽ ሙዪው።

ዛሬ ብጀምር ምን አደርግ ነበር? ከስቶቩ ጀርባ ሴራሚክ፣ ጡቡን ደግሞ ዘይት በማይደርስበት ግድግዳ። ጡቡ ጥፋት የለበትም። እኔ ነኝ የማይሆን ቦታ ያዋልኩት።

ሰገነት
ነጭ መቀባትስ? ክፍሉ ትንሽ ነው፣ መስኮቱም አንድ ነው። ቀይ ጡብ ብርሃን ይበላል።

ኖራ_ይሻላል
እባካችሁ በፕላስቲክ ቀለም አይሁን! ከሲሚንቶው ጋር አንድ ነው፤ መተንፈሻውን ይዘጋል። ጡብ ጉድጓድ ጉድጓድ ስለሆነም አንዴ ከገባ አይወጣም። የግድ ይንጣ ከተባለ በኖራ ውሃ ይቀባ። ሲደርቅ ይነጣል፣ ጡቡ በስሱ ይታያል፣ ግድግዳውም ይተነፍሳል። እንፋሎት የሚያሳልፈው የሲሊኬት ቀለምም ይሆናል።

በአሸዋ የሚነፋ ማጽጃ የሚል ሰው ቢመጣም አትስሙት። የድሮ ጡብ ጠንካራው የላይኛው ቆዳው ነው፤ እሳት ያጠነከረው። አሸዋው ያን ቆዳ ይገፈዋል። ከስሩ ያለው ለስላሳ ነው።

ብርሃን_ከጎን
ሰገነት ያልሽው ትክክል ነው፤ ግን መፍትሔው ቀለም ላይሆን ይችላል። እኔ የቤት ውስጥ ዲዛይን ነው ሥራዬ፤ ስለ መጠኑና ስለ ብርሃኑ ልናገር።

በ3 በ4 ክፍል አራት የጡብ ግድግዳ ብዙ ነው። ዓይን ማረፊያ ያጣል። አንድ ግድግዳ ሲሆን ሰው ገብቶ ወደሱ ያያል። አራት ሲሆን የትም አያይም። ሌሎቹን ለስላሳ ልስን አድርጊያቸው። ሸካራው የሚያምረው አጠገቡ ለስላሳ ሲኖር ነው።

ቁም ሳጥኑን ከጡቡ ቀለም ጋር ለማስማማት አትልፊ። ጡብሽ ሦስት አራት ቀለም አለው፤ ከየትኛው ጋር ታስማሚያለሽ? ቀለሙን ከመገጣጠሚያው ውሰጂ። የኖራ ሞርታር ብዙ ጊዜ ክሬም ወይም የገረጣ ግራጫ ነው። ቁም ሳጥኑና ሌሎቹ ግድግዳዎች ያን ቀለም ሲይዙ ጡቡ ራሱ ፊት ይወጣል። እኔ ደንበኛ ቤት ስሄድ አንዲት የሞርታር ፍርፋሪ በወረቀት ጠቅልዬ ነው ወደ ቀለም ቤት የምሄደው።

መብራቱ ጡቡን ፊት ለፊት ከመታው ጠፍጣፋ ሥዕል ያደርገዋል። ከላይ፣ ከግድግዳው 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ወደ ታች ሲወርድ ግን እያንዳንዱ ጡብ ጥላ ይጥላል። ሸካራነቱ የሚነሳው ያኔ ነው። አምፑሉ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ይሁን፤ ቢጫ የሚያደላው ሞቅ ያለ ብርሃን ማለት ነው። ነጭ ሰማያዊው መብራት ቀይ ጡብን ያገረጣዋል።

አስተውዪ፣ እንዲህ ያለ መብራት ጉድለትንም ያወጣል። ስለዚህ ሞርታሩ ሳይሞላ በፊት ማታ በእጅ ባትሪ ከላይ ወደ ታች አብሪበትና እዪው።

ገመድ_ሠሪ
አጭር ነገር ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ። የድሮ ሽቦ ብዙ ጊዜ ልስን ውስጥ ነው የሚተኛው። ከማፍረሳችሁ በፊት መስመሩን አጥፉና መጥፋቱን በመለኪያ አረጋግጡ። ጡቡ ከተገለጠ በኋላ ሽቦ መቅበሪያ የለም። ስለዚህ ሶኬቶቹን አጠገቡ ወዳለው የልስን ግድግዳ አዛውሩ፣ ወይም በሚታይ የብረት ቱቦ አምጡት። ጡቡን ቆርጣችሁ ሽቦ አትቅበሩ። ልጥፍ የሚለጥፍ ሰው ደግሞ የሶኬቱን ሳጥን በልጥፉ ውፍረት ልክ ወደ ፊት ማውጣት አለበት።

የድሮቤት_እመቤት
ይህን ሁሉ ጊዜ ሰጥታችሁ ስለጻፋችሁልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። አትሜ ቁም ሳጥኑ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ዜናው ይህ ነው። ውሃው ተገኘ! የዕቃ ማጠቢያው የፍሳሽ ቱቦ ከዚያው ግድግዳ ጥግ ነው የሚያልፈው። አንዱ መገጣጠሚያው ጠብ ጠብ ይላል። ወለሉ ላይ ውሃ አይታይም ነበር፤ ጡቡ ይመጥጠዋል። ምናልባት ለዓመታት። አስለወጥነው። አሁን ግድግዳው እስኪደርቅ 6 ሳምንት ልንጠብቅ ወስነናል።

መሐንዲስም አምጥተን ነበር። ክብደቱን የተሸከመው ቅስቱና ሁለቱ ጎኖቹ ናቸው፤ ውስጡ የተሞላው ጡብ ምንም አልተሸከመም አለን። ሊወጣ ይችላል።

ጋሼ፣ ጢስ ማውጫው ራሱ ከላይ ተደፍኗል። ችግር አለው?

ጋሽ_ግንበኛ
አለው እንጂ። ከላይም ከታችም የተደፈነ ጢስ ማውጫ ውስጡ ያለው አየር አይንቀሳቀስም። እርጥበት ይሰበስባል። የዘመናት ጥቀርሻና ጨው ውስጡ አለ፤ እርጥበት ሲያገኝ ቡናማ እድፍ ሆኖ በጡቡ ፊት ይወጣል። ከላይ ዝናብ የማያስገባ ግን አየር የሚያስወጣ ክዳን ይደረግ። ከታች ትንሽ የአየር መግቢያ ይተው። ጥቀርሻውንም በባለሙያ አስጠርጉት።

እሳት ልታነዱበት ካሰባችሁ ያ ሌላ ነገር ነው። የውስጡ ግድግዳ ተሰንጥቆ ከሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ይገባል። አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ሳይመረመር ክብሪት እንዳይጫርበት።

ከቅስቱ ውስጥ የሚወጣውን ጡብ አትጣዪ። ዕድሜው ከቤቱ ጋር ከተቀራረበ ፊታቸው የተበላሸውን በእሱ ትለውጫለሽ። ከገበያ የሚመጣ አዲስ ጡብ በመጠንም በቀለምም አይገጥምም።

ፈጣን_እጅ
ኮላም ቁፋሮም ትቼ አንድ ነገር ልጠይቅ። ባለቤትሽ አሁን ምን ይላል? አራቱም ግድግዳ ቀረ?

የድሮቤት_እመቤት
ቀረ። እሱ ራሱ ነው ያስቀረው። ቅስቱን ካየ በኋላ ሌላው ግድግዳ ዓይኑ ውስጥ አልገባም። ማታ ማታ ወንበር አምጥቶ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል።

የድሮቤት_እመቤት
ወደ ሦስት ወር ሊሆነን ነው። ጨረስን! የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ሁሉንም ልጻፈው።

ግድግዳው በ6 ሳምንት አልደረቀም። 8 ፈጀ። ትዕግሥቴ አልቆ ነበር፤ የኖራ ይሻላልን የ11 ጡብ ታሪክ እያነበብኩ ነው የጠበቅኩት።

ከቅስቱ ውስጥ 40 የሚሆን ጡብ ወጣ። ከዚያ ውስጥ 7ቱን ፊታቸው በተላጠው ቦታ አስገባናቸው። አሁን የትኛው እንደተለወጠ እኔም ፈልጌ ነው የማገኘው። ቀሪውን ጎተራ ውስጥ ደርድረን አስቀመጥን።

ሞርታሩን ማውጣት ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነበር። በመሮ፣ በእጅ፣ በቀን አንድ ካሬ ሜትር አይሞላም። ባለቤቴ ከላይ፣ እኔ ከታች። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጡብ ጫፍ ሰበርኩ፤ አለቀስኩ። ከዚያ እጄ ለመደ። አንዱ የድሮ ጥገና በሲሚንቶ የተሞላ ቦታ ነበር። እሱን አልነካነውም። ሲሚንቶው ከጡቡ ጋር ተጣብቋል፤ ብንነቅለው የምናጠፋው ይበልጣል ብለን ተውነው። ኖራ ይሻላል፣ ልክ ነበርን?

ከስቶቩ ጀርባ ሴራሚክ አደረግን፤ ንጹሕ ምድጃ ስላሳመንሺኝ። ቀለሙ የሞርታሩ ክሬም ነው። ቁም ሳጥኑም ያው። ፍርፋሪውን በወረቀት ጠቅልዬ ነው የሄድኩት። የቁም ሳጥኑ የላይ ድንጋይ ከጡቡ ጋር የሚገናኝበትን መስመር በሞርታር ሳይሆን በሲሊኮን ዘጋነው፤ ሁለቱ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ይሰነጠቃል ብሎ የገጠመው ልጅ መከረን።

ቅስቱ ውስጥ የእንጨት መደርደሪያ ገባ። ማሸጊያውን ግድግዳው ላይ ሁሉ አልቀባንም፤ ከቁም ሳጥኑ ድንጋይ በላይ እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ብቻ። ሌላው እንዳለ ነው።

ኖራ_ይሻላል
ስለ ሲሚንቶው ልክ ነበራችሁ። ጡቡን ሳይሰብር የማይወጣ ሲሚንቶ ይቀመጥ። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ዙሪያውን እዪ። እኔ ያኔ እንዲህ ባደርግ የጡቦቹ ጠርዝ ይተርፍ ነበር።

ብርሃን_ከጎን
መብራቱስ?

የድሮቤት_እመቤት
ከላይ፣ 25 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ 2700። የጣት ምልክት ያለበት ጡብ ከቅስቱ በስተቀኝ በዓይን ልክ ነው የቀረው። ቀን ላይ አይታይም። ማታ መብራቱ ሲበራ አራቱም ጣት ይወጣሉ። ልጃችን በየማታው የራሷን ጣት ትለካበታለች። ገና አልደረሰችም።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ከታች፣ ያኔ ዱቄቱ በነበረበት ቦታ፣ ትንሽ ነጭ ነገር ተመልሶ አየሁ። የእጅ መዳፍ የሚያህል። ቱቦው ደህና ነው፤ ሁለት ጊዜ አየነው። ጋሼ፣ ምን ላድርግ?

ጋሽ_ግንበኛ
ልጄ፣ አትደንግጪ። ጡብ ውስጥ የቀረው ጨው ግድግዳው ሲደርቅ እየወጣ ሊሆን ይችላል። በደረቅ ብሩሽ አራግፊው። ከዚያ የነጩን ዙሪያ በእርሳስ አክብቢና ቀኑን ጻፊበት። በየሁለት ሳምንቱ እዪው። እየጠበበ ከሄደ የድሮው ነው፤ ተዪው ይጨርስ። ከመስመሩ አልፎ ከሰፋ አዲስ ውሃ አለ ማለት ነው፤ ያኔ ንገሪኝ።

የድሮቤት_እመቤት
አክብቤ ቀኑን ጻፍኩ። ሁለት ሳምንት ሞልቶ ዛሬ ጠዋት ተንበርክኬ አየሁት። ከመስመሩ አላለፈም። ከላይ በኩል ወደ አንድ ጣት ያህል ገባ ብሏል። ሁለተኛውን መስመር አሰመርኩ።